ካሜራ በባለቤቱ ፊት ይፈተናል

ጠጋኟ ብሎን በልቧ ስታበስለው የከረመችው የበቀል ቀን ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ውድ ቦርሳ አንጠልጥሎ፣ «እዚህ ቤት ሰው የለም እንዴ?» እያለ ገባ።

ሰው ነበር። ብሎን ራሷ ጠረጴዛው ስር ተንበርክካ የሩዝ ፍሬ የምታህል ብሎን በባትሪ ትፈልግ ነበር። ጥግ ላይ ደግሞ የጥገና ቤቱ ሸሪኳ ጋሼ ሬዲዮ፣ ሆዱ የተዘረገፈ ሬዲዮ ጭናቸው ላይ አስተኝተው ሻያቸውን ፉት ይላሉ።

«ሰውስ አለ» አሉ ጋሼ ሬዲዮ ቀና ሳይሉ። «ሥራ የሚችለው ግን ጠረጴዛው ስር ነው።»

ብሎን ብቅ ስትል መጀመሪያ ያየችው የገቡትን ሴትዮ ሳይሆን የያዙትን ላፕቶፕ ነው። ክዳኑ ጥቁር፣ ታችኛው ግራጫ። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ከሁለት የሞቱ ላፕቶፖች አንድ ሕያው አድርጋ የገጠመችው ራሷ ነቻ! ገጥማ የሰጠችውም ለአንድ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ አሁን መነጽራቸውን ሳያወልቁ የቆሙት የባለ ፎቋ ሴትዮ ልጅ ነው።

 ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች።

«ካሜራው አልሠራም ብሎ ነው» አሉ ባለ ፎቋ። «ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይፈለጋል።»

«ለምን ጉዳይ?» አለች ብሎን። የጥገና ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አልነበረም፤ አፏ ሲጠይቅ እሷም ሰማችው።

«ልጄ ይታጫል። ልጅቷ ውጭ አገር ነው ያለችው። ቤተሰቧ ስድስት ናቸው፤ ስልክ ላይ አይበቁም። በትልቁ መተያየት አለባቸው።» ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው አዩዋት። «አንቺ ያቺ አይደለሽም? ብሎን ፈቺዋ?»

«ነኝ እትዬ። ስሙን ያወጡልኝ እርስዎ ነዎት። ስለወደድኩት ታፔላው ላይ ጻፍኩት።»

«አይቼዋለሁ። ትልቅ አድርገሽ ነው የጻፍሽው።» ቦርሳቸውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኔማ ወደ ሌላ ቦታ ልወስደው ነበር። እሱ ነው ከእሷ በቀር ማንም እንዳይነካው ያለኝ። ለምን እንደሆነ እንጃለት። ደግሞ ካቃተሽ ከአሁኑ ንገሪኝ፤ ጊዜ የለኝም።»

«እኔ አቅቶኝ አያውቅም እትዬ።»

«እኔን ግን ያቅተኛል» አሉ ጋሼ ሬዲዮ ከጥግ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው።

እውነታቸውን ነው። ጋሼ ሬዲዮ በቀን አሥር ጊዜ «አቅቶኛል፣ ይውሰዱት» ይላሉ፤ ደንበኛም ይወዳቸዋል። ብሎን ግን ያቺን ቃል አንድም ቀን ከአፏ አውጥታት አታውቅም። ያልሠራላትን ማሽን ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት ታቅፋው ትከርማለች እንጂ አቅቶኛል አትልም።

ባለ ፎቋ በሩ ላይ ሲደርሱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈችውን ካርቶን ቆም ብለው አነበቡ። «ካሜራ በባለቤቱ ፊት ይፈተናል» ይላል፤ የጋሼ ሬዲዮ ጠማማ የእጅ ጽሑፍ ነው። አንድ ደንበኛ «ካሜራው አስቀያሚ አድርጎ ያሳየኛል» እያለ ላፕቶፑን ሦስት ጊዜ ከመለሰው ወዲህ የተጻፈ ሕግ ነው።

«ይሄ ለእኛ አይሠራም» አሉ ባለ ፎቋ፤ ወጡም።

ብሎን እጇን ጥቁሩ ክዳን ላይ አሳረፈች። *ከእሷ በቀር ማንም እንዳይነካው።* እንግዲህ ሌላ ሴት የምታየውን ፊት አጥርታ እንድታሳይ የታዘዘችው እሷ ናት። 

* * *

ነገሩን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው።

ቀያሹ፣ ማለትም የባለ ፎቋ ልጅ፣ መሬት እየለካ የሚኖር ሰው ነው። ከብሎን ጋር ያስተዋወቃቸው ምንም ያልሆነ ላፕቶፕ ነው። «ድምፁ ይቆራረጣል» ብሎ አመጣው፤ አልተቆራረጠም። በሳምንቱ «ይግላል» ብሎ አመጣው፤ አልጋለም። በሦስተኛው ሳምንት ብሎን «ጌታዬ፣ የሚግለው ላፕቶፑ አይደለም፣ እርስዎ ነዎት» አለችው። እሱም «ታዲያ ጠግኚኛ» አላት። ለሌላ ሰው ጆሮ ርካሽ ንግግር ነው። ብሎን ግን እስከ ዛሬ ባስታወሰችው ቁጥር መጀመሪያ ጉንጯ ይሞቃል፣ ቀጥሎ ጥርሷን ትነክሳለች።

እናቱ ሲሰሙ «ፎቅ ሙሉ ሰው እያለ ከብሎን ፈቺ ጋር?» አሉ። ያን ጊዜ ነው ስም የወጣላት።

ከዚያ ሩቅ ካምፕ ተመደበ። መንገድ ሊቀይስ፣ ለሁለት ዓመት። ሊሄድ ሲል የራሱ ላፕቶፕ ከመኪና ላይ ወድቆ ደቆ ስለነበር፣ ብሎን በአንድ ቀን ተኩል ከሁለቱ ሬሳዎች አንዱን ገጥማ፣ እያለቀሰች፣ እየሳቀች ሰጠችው። ካምፑ ውስጥ ስልክ የሚሠራው ኮረብታ ላይ ወጥተው ነው፤ ያውም ለድምፅ ብቻ። ኢንተርኔት የሚገኘው በሽቦ ሲሆን ሽቦው የሚሰካው ላፕቶፕ ላይ ነው። ስለዚህ እሁድ እሁድ ከሰዓት በዚያች ባለ ሁለት ቀለም ላፕቶፕ ይተያዩ ነበር። አራት ወር ሙሉ።

በአምስተኛው ወር ምስሉ መርገብገብ ጀመረ። አንድ እሁድ ደግሞ ጭልጥ ብሎ ጠፋ። ድምፁ አለ፤ ፊቱ የለም።

ብሎን ለካሜራ ሰባት እርምጃ አላት፤ በቃሏ ታውቃቸዋለች። አጥፍቶ ማብራት። ካሜራውን ሌላ ፕሮግራም ይዞት እንደሆነ መዝጋት። ፈቃድ ተከልክሎ እንደሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ መፍቀድ። የካሜራ ምልክት ያለባትን ቁልፍ መጫን፤ ብዙ ሰው ሳያውቅ ነክቷት ነው የሚጮኸው። ካሜራውን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ አጥፍቶ እንደገና መጫን። ማሽኑን ማደስ። በመጨረሻም ጥቁርም ቢሆን ቪዲዮ ቀድቶ፣ የሙከራውን ቁጥርና ቀኑን በአፉ ተናግሮ መላክ። ሰባቱን በሦስት እሁድ አስደረገችው። «ጥቁር ነው» ይላል እሱ። «እንደገና» ትላለች እሷ። «ጥቁር ነው።»

ስምንተኛ እርምጃ አለ። መክፈት ነው። እሱን አልነገረችውም። ያንን ላፕቶፕ የገጠመችው ራሷ ናት፤ የእሷን ሥራ ክፈትና እይ ማለት ደግሞ እሷ ልትሳሳት ትችላለች ማለት ነው። ይህ በአእምሮዋ አላለፈም፤ ቢያልፍም ቆሞ አላደረም።

በዚያው ሰሞን ባለ ፎቋ መንገድ ላይ አገኟት። «ካሜራው ተበላሽቷል አለሽ?» አሏት፣ ያዘኑ መስለው። «ለእኔም እንዲሁ ነው የሚለኝ። ፊቱን የሚደብቅ ሰው ምን አግኝቶ ይሆን?»

በቀጣዩ እሁድ ብሎን ጥቁሩን መስኮት እያየች ቀስ ብላ ተናገረች። «ማሽን አይዋሽም። ሰባቱን አልፎ ካልታየ፣ መታየት ያልፈለገው ሰውየው ነው።»

«እንዴት እንዲህ ትያለሽ? እዚህ ተቀምጬልሽ አለሁ እኮ!»

«የት? አላይህም።»

ዘጋችው። ቁጥሩንም ዘጋችው። በመኪና ሰው የላከላትን ደብዳቤ ሳትከፍት መለሰች፤ ፖስታው ላይ በጥቁር እስክሪብቶ «ምስል የለውም» ብላ ጽፋ። ያን ቀን አንጀቷ ቅቤ የጠጣ መስሏት ነበር። ለሦስት ሰዓት ያህል ጠጥቷል።

አሁን ላፕቶፑ ከፊቷ ተኝቷል። ካቻቪቴዋን አነሣች፤ ስታነሣም ምን እንደምታደርግ ወሰነች።

ትጠግነዋለች። አሳምራ። ግን የካሜራውን ሽቦ ማጠፊያው ላይ በውጭ በኩል ታሳልፈዋለች። እንዲህ ሲሆን ክዳኑ ቀጥ ብሎ ሲቆም ካሜራው ይሠራል፣ ወደ ኋላ ዘንበል ሲል ይጠፋል። እዚህ ሲፈተን ያበራል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ስድስቱ ተሰብስበው፣ ሙሽሪት ተኳኩላ፣ እሱ ፊቱን ለማሳመር ክዳኑን ዘንበል ሲያደርግ፣ ጭልጥ! ጨለማ። ከዚያ ያቺ ልጅ ትጠይቀው። «ፊትህን የደበቅኸው ለምንድን ነው?» ትበለው። እኔ የጠየቅሁትን እሷም ትጠይቅ። እኔ ያደርኩትን እሱም ይደር።

«ምን ያስቅሻል?» አሉ ጋሼ ሬዲዮ።

«ሥራዬን ስለምወድ ነው።»

«የእኔ ሥራ እንደዚህ አስቆኝ አያውቅም» አሉና ሬዲዮናቸውን ኮረኮሩ፤ ሬዲዮው ዝም አለ።

* * *

የእስክሪኑን ፍሬም በጥፍሯ ዳር ዳሩን እየለቀመች አወጣችው። ብሎኖቹን በተራ ማግኔቷ ላይ ደረደረች። ወረንጦዋን አነሣችና አጎነበሰች። ከዚያ እንዳጎነበሰች ቀረች።

ሽቦው ማጠፊያው ላይ በውጭ በኩል አልፏል።

እሷ ልታሳልፈው ባሰበችበት። ልክ በዚያው። ክዳኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ብረቱ እያኘከው፣ እያኘከው፣ ከሰው ፀጉር የቀጠኑት መዳቦች አንድ በአንድ ተበጥሰው አልቀዋል። አጠገቡ ደግሞ ሽቦውን አጣብቃ የያዘች ቢጫ ፕላስተር አለች። ከከተማው ጠጋኞች ቢጫ ፕላስተር የሚጠቀም አንድ ሰው ብቻ ነው። ፕላስተሯ ላይ በትንንሽ ፊደል ቀን ተጽፏል፤ ከቀኑ ስር ብሎን ሠርታ በምታስረክበው ዕቃ ሁሉ ውስጥ የምትጽፋት አንዲት ቃል አለች። «ይዘልቃል።»

ጋሼ ሬዲዮ ሻያቸውን ይዘው መጥተው በትከሻዋ ላይ አሻግረው አዩ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ።

«ይሄን የገጠመው ማን ነው?»

ብሎን ፕላስተሯን በጣቷ ሸፈነቻት።

«ወይ ቸኩሏል» አሉ ጋሼ ሬዲዮ፣ «ወይ ፍቅር ይዞታል።» ፉት አሉ። «እጁ ግን መጥፎ እጅ አልነበረም።»

ተመልሰው ተቀመጡ። ብሎን ወረንጦዋን አስቀመጠች። ዓመት ተኩል ሙሉ አንድ ውሸታም ስትረግም ኖራለች። ውሸታሙ እዚህ ተለጥፏል፤ ቢጫ ነው፤ በእሷ እጅ የተጻፈ ነው። ልትበቀለው ያሰበችው በቀል ከእሷ ቀድሞ ተበቅሏል። የተበቀለችው ደግሞ ራሷን ነው።

እጇ በልማድ ሠራ፤ እሷ አልሠራችም። ከመሳቢያው ሌላ ሽቦ አወጣ፣ በውስጠኛው ቦይ አሳለፈ፣ ሰካ፣ ገጠመ። አብርታ የካሜራውን ፕሮግራም ስትከፍት ትንሿ ነጭ መብራት በራች፤ እስክሪኑ ላይ አንዲት ሴት ብቅ አለች። ዓይኗ ደም መስሏል፣ ግንባሯ ላይ ጥላሸት አለ። ብሎን አላወቀቻትም።

ጥግ ላይ፣ የመጨረሻው ቅጂ የሚታይበት ቦታ ላይ፣ ትንሽ ጥቁር ካሬ ነበር። የደንበኛ ፋይል አትከፍትም። ይህን ሕግ ራሷ ናት ያወጣችው። ጥቁሩን ካሬ ነካችው።

ሰባ ስምንት ቪዲዮ። ሁሉም ጥቁር። የመጀመሪያውን አጫወተችው።

«ሙከራ አንድ» አለ ጨለማው፣ በእሱ ድምፅ። «እሁድ። ሰባቱንም አድርጌያለሁ። ድራይቨር የምትይውንም አጥፍቼ ጭኛለሁ። ፊቴን ታጥቤ ተቀምጫለሁ፤ ሸሚዜ ያ ሰማያዊው ነው። እመኚኝ፣ ሰማያዊ ነው።»

ይቺን ልኮላት ነበር፤ ታስታውሳለች። «እንደገና» ነበር ያለችው።

«ሙከራ ዘጠኝ። እሁድ። ቁጥርሽ አይነሣም። ምናልባት ካምፑ ይሆናል፤ እዚህ ሁሉ ነገር ይቆራረጣል። ዛሬ አንድ ድልድይ ለካን። ስትመጪ አሳይሻለሁ።»

«ሙከራ ሃያ ሦስት። እሁድ። ደብዳቤዬ ተመለሰልኝ። ምስል የለውም ብለሽ ጽፈሻል። ሳቅሁ። ከዚያ አልሳቅሁም። እንዳንቺ ያለ ክፉ ሰው አይቼ አላውቅም። ሳምንት እመለሳለሁ።»

ተመለሰ። በየሳምንቱ ተመለሰ። አንዳንዴ «ጥቁር ነው» ብቻ ይላል፤ አንዳንዴ ምንም አይልም፣ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። ብሎን በሁለት እጇ አፏን ይዛ እስከ መጨረሻው ደረሰች፤ ባለፈው እሁድ የተቀዳ ነው።

«ሙከራ ሰባ ስምንት። ከካምፕ ከተመለስኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ ያለሁት እናቴ ቤት ነው። እናቴ ያገኘችልኝን ልጅ እሺ ብያለሁ። ካሜራውን ግን አንቺ ነሽ የምትጠግኚው። በገዛ እጅሽ አጥርተሽ ትጠግኚውና ሌላ ሴት ታየኛለች። ይህን ሳስብ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል።»  ከሩቅ የበር ድምፅ። «አይጠጣም» አለ ድምፁ፤ ቅጂውም አለቀ።

ጋሼ ሬዲዮ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር፤ የሬዲዮውን ሆድ በማያስፈልግ ጥንቃቄ ሲገጥሙ ቆዩ። ያለቀሰች ሴት ያለችበት ቤት ውስጥ ሌላ ምን እንደሚደረግ አያውቁም።

«ጋሼ» አለች ብሎን በመጨረሻ። «ስልኩን ያቀብሉኝ። የካርቶኑ ሕግ ለሁሉም ይሠራል።»

* * *

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ከበሩ ፊት ለፊት መኪና ቆመ። ባለ ፎቋ የኋላ ወንበር ላይ ቀሩ፤ የጥገና ቤት አቧራ ለልብሳቸው አይሆንም። ቀያሹ ብቻውን ገባ። ፀሐይ አጥቁሮታል፣ ከስቷል። ሸሚዙ ሰማያዊ ነው።

ብሎን ቀን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። ሸሚዙን ስታይ ግማሹ ጠፋ።

«ጠርተውኛል አሉ» አለ ቀያሹ።

*ጠርተውኛል።* እርስዎ ብሎ። በጥፊ ቢመታት ይሻላት ነበር። ምንም ያልሆነ ላፕቶፕ ተሸክሞ የመጣ ጊዜ እንኳ እንዲህ አላከበራትም።

«ይቀመጡ» አለች። «ካሜራ በባለቤቱ ፊት ይፈተናል።»

«ሕጉን አነበብኩት። ሠሩት?»

«ሠርቼዋለሁ።»

«አላጠራጠረኝም። እርስዎ የማያድኑት ማሽን የለም።» ተቀመጠ፤ ዓይኑን ግን ከግድግዳው ላይ አላወረደም። «እንደ ሰው አይደለም።»

ብሎን የጥገና ቤቱን ደረሰኝ በጠረጴዛው ላይ ገፋችለት። ብሎን ለምትሠራው ዕቃ ሁሉ የብልሽቱን ምክንያት ጽፋ ትሰጣለች፤ ይህም ልማዷ ነው። ቀያሹ አነሣው፤ በለሆሳስ አነበበው።

«ዕቃ፦ ላፕቶፕ። ብልሽት፦ ካሜራ። ምክንያት፦» ቆመ። «ምክንያት፦ የጠጋኟ ስህተት።»

«ሽቦውን በተሳሳተ በኩል ነው ያሳለፍኩት» አለች ብሎን። ቢጫዋን ፕላስተር በጥፍሯ ጫፍ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። «የመጀመሪያውን ቀን። ስገጥመው። ክዳኑን በከፈትክ ቁጥር ይቆረጥ ነበር። ጥቁር ነው ስትለኝ ጥቁር ነበር።»

ፕላስተሯን አየ። «ይዘልቃል» የምትለዋን ለረጅም ጊዜ አየ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ የመጣው ብሎን ስትናፍቀው የነበረው ፊት አልነበረም።

«ዓመት ተኩል!» አለ። እርስዎነቱ ከአፉ ወደቀ። «ሰባት ጊዜ ማሽኑን አስጠረጠርሽ፣ ሰባት ጊዜ እኔን ጠረጠርሽ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ምናልባት እኔ እሆናለሁ ብለሽ አላሰብሽም?»

«አላሰብኩም።»

«ደብዳቤዬን መለስሽ!»

«መለስኩ።»

«ምስል የለውም ብለሽ!»

«ዛሬ ጠዋት ደግሞ» አለች ብሎን፣ «አውቄ ላበላሸው ነበር። በሙሽራህ ፊት እንድትጠፋ። ስከፍተው ነው ቀድሜ እንዳበላሸሁት ያወቅሁት። እንግዲህ ሁሉንም አወቅህ። ተበቀል።»

ቀያሹ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «ምን የቀረኝ ይመስልሻል? የላክሁልሽ እኮ ልበቀልሽ ነው።»

«ሰማሁት። ሰባ ስምንተኛውን።»

ፊቱ ቀላ፣ ቀጥሎ ገረጣ። «ከፍተሽ አየሽው?»

«የሚታይ ነገርማ የለውም» አለች። «ሰማሁት እንጂ። ሁሉንም። ሰማያዊ ነበር፤ አምኛለሁ።»

  «አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አለ ቀስ ብሎ፤ በቀል ያለበት ቀስታ ነው። «ደረሰኝ ላይ መጻፍ ቀላል ነው። በአፍሽ በይልኝ። ከእኔ ጋር መኖር፣ እኔን ማመን፣ አቅቶኛል በይ። ያቺን ቃል በሕይወትሽ አንድ ጊዜ ልስማት።»

ብሎን አፏን ከፈተች። ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ጥርሱ እንደተበላ ብሎን ባለበት ዞረ እንጂ አልወጣም። 

«አየሽ?» አለ ቀያሹ። ሊነሣ ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበ፤ እጇ እዚያው ክዳኑ ላይ ነበርና እሷንም ሳባት። ክዳኑ ዘንበል አለ። ለፈተናው የከፈተችው ካሜራ ነጭ መብራት እንደበራ ነው፤ ምስሉ አልጠፋም። እስክሪኑ ላይ ሁለት ፊት ታየ፣ ጉንጭ ለጉንጭ ሊነካካ ትንሽ የቀረው፤ አንዱ ፀሐይ ያጠቆረው፣ አንዱ ጥላሸት የነካው። ሁለቱም ክፉኛ የተጣሉ ሰዎች ፊት ነበር። ሁለቱም ዓይናቸውን መንቀል አቃታቸው።

«ሰዎቹ ሊደውሉ ነው እኮ!»

ባለ ፎቋ ናቸው፤ ትዕግሥታቸው አልቆ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ከቆሙበት የሚታያቸው የላፕቶፑ ጥቁር ጀርባ ብቻ ነው። «ተሠራ አልተሠራም?»

ቀያሹ ብሎንን አየ። ብሎንም እሱን፣ እዚያው እስክሪኑ ውስጥ።

«አልሠራም እማዬ» አለ። «ጥቁር ነው።»

ይህችን ቃል እውነት ሆና ሳለ ለዓመት ተኩል አላመነችውም። አሁን በዓይኗ እያየችው ሲዋሽ፣ ብሎን በሕይወቷ ማንንም እንደዚያ አምና አታውቅም።

«እንዴት አይሠራም?» ባለ ፎቋ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገቡ። «አንቺ! አቅቶኝ አያውቅም አላልሽም? ከአፍሽ ልስማው። ተሠራ ወይስ አልተሠራም?»

 ነጯ መብራት በርታለች። ብሎን ከታፔላው፣ ከስሟ፣ ከእጇ በቀር ምንም ኖሯት አያውቅም። ይህች ሴትዮ ይህን ወሬ ይዘው ከወጡ እስከ ነገ ጠዋት ያልሰማ ሰው እንደማይኖር ታውቃለች። ብሎኑ ጉሮሮዋ ላይ አንድ ጊዜ ዞረ። ሁለተኛ ዞረ። ከዚያ ያዘ፤ ወጣም።

«አቅቶኛል እትዬ።»

ጋሼ ሬዲዮ የሻይ ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«አውቄው ነበር!» የባለ ፎቋ ፊት በደስታ በራ፤ እንዲህ ሲበራ ብሎን አይታው አታውቅም። «ብሎን ፈቺ! ለሰፈሩ ሁሉ ነው የምናገረው።»

«ይናገሩ እትዬ። አቅቶኛል። ከዛሬም በፊት ነበር ያቃተኝ።» ዓይኗ ግን ከቀያሹ አልተነሣም።

«ተነሥ እንሂድ» አሉ ልጃቸውን። «የታላቅህን ኮምፒውተር እናስመጣለን።»

«ኮምፒውተሩ ቢመጣም እኔ አልመጣም፣ እማዬ። ለልጅቷና ለቤተሰቧ ራሴ ደውዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እነሱ ያጠፉት ነገር የለም።»

ባለ ፎቋ ለመጀመሪያ ጊዜ መነጽራቸውን አወለቁ። ልጃቸውን አዩ፤ ብሎንን አዩ፤ የላፕቶፑን ጀርባ አዩ። ዓይናቸው አርጅቷል፤ ደክሟል። ካርቶኑ ላይ ዓይናቸው አረፈ። መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ወጡ። የተረከዛቸው ድምፅ እስከ መኪናው ድረስ ተሰማ፤ በሩ ሲዘጋም።

«እንኳን ወደ አቅቶኛል ባዮች ማኅበር በደህና መጣሽ» አሉ ጋሼ ሬዲዮ ለብሎን። ተነሥተው ሬዲዮናቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወደ ደጅ ወጡ፤ ፀሐይ ሊሞቁ ይመስል።

ቀያሹ አልተንቀሳቀሰም። «የደብዳቤውን አልረሳውም» አለ።

«አትርሳው።»

«ሌላ ቀንም አነሣብሻለሁ። በየሳምንቱ። እሁድ እሁድ።»

«አንሣብኝ።»

እስክሪኑ ላይ ያሉት ሁለቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ቀያሹ እጁን ዘርግቶ የመቅጃውን ምልክት ነካ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሙከራ ሰባ ዘጠኝ» አለ። «ማክሰኞ። ይታያል?»

ብሎን መልሱን ለመስጠት ቂሟን ከወደ ሆዷ ልትፈልገው ሞከረች። ዓመት ተኩል የተሸከመችው ከባድ ነገር ጠዋት ጠረጴዛው ስር እንደወደቀችው ብሎን የሆነ ቦታ ተንከባሎባታል። ባትሪ አላነሣችም። አልተንበረከከችም።

«ይታያል» አለችው።